የጋሼ ዘለቀ ጥቁር ቅባት

የስኳር በሽተኛ ቁስል እንደ ክፉ እንግዳ ነው፤ አንዴ ከገባ ውጣ ቢሉት አይወጣም። የጋሼ ዘለቀም የቀኝ እግር ጣት ከቆሰለ ወራት አልፈውታል። ክሊኒኩ ያጥብለታል፣ ይጠቀልልለታል፤ ቁስሉ ግን ፍንክች አላለም። በመጨረሻ ሐኪሙ፣ «ከጠቆረ መቆረጡ ነው» አለው። ለታክሲ ነጂ፣ ያውም ነዳጅ የሚሰጥበት እግር!

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ አብረውት ታክሲ ከሚያቆሙት አንዱ ሞንተሬይ ፓርክ ወዳለች ሚስ ሊን ወደምትባል ቻይናዊት ዕፅ ቀማሚ መራው። ሚስ ሊን ሥራሥር በሰሊጥ ዘይት አፍልታ ጥቁር ቅባት በብልቃጥ ሰጠችው። «ቀባው፤ ስኳርህን ጠብቅ፤ ለሐኪምህም ንገረው» አለችው።

ሁለቱን ፈጸመ። ሦስተኛው ግን አልዋጥ አለው። መድኃኒት ከተወራ ይረክሳል፣ ወንዝ ከተሻገረም ይረክሳል ሲባል ያደገ ሰው ነው። ወንዙንስ ተሻግሯል፤ የሎስ አንጀለስ ወንዝ ግን ከውኃው ሲሚንቶው ስለሚበዛ አልቆጠረውም።

የቀጠሮው ቀን እግሩን አጥቦ ሊሄድ አስቦ ነበር። ቶራንስ ድረስ ተሳፋሪ አድርሶ ሲመለስ መንገዱ ተዘጋጋና እንደተቀባ ክሊኒክ ደረሰ። ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ። ጣቱ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ሐኪሙ ራሱን ነቅንቆ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ሊያስይዝ ወጣ።

ነርሷ ፋና የአገሩ ልጅ ናት። ጎንበስ ብላ አሸተተች።

«ጋሼ፣ ምን ቀብተህ ነው?»

«ላብ ነው።»

«የሰሊጥ ላብ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?»

«በሽታውንማ መቼ ደበቅሁ! የደበቅሁት መድኃኒቱን ነው።»

ፋና ሳቋ አመለጣት። «ኦኬ፣ ሶ አንዱን ምረጥ። ወይ መድኃኒቱ ይርከስ፣ ወይ ጣትህ ይሂድ።»

ጋሼ ዘለቀ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከሚስ ሊን እስከ ወንዙ ድረስ ዘረገፈው።

ፋና በጨው ውኃ ጠረገችለት። ከጥቁሩ ሥር ጽጌረዳ የመሰለ አዲስ ሥጋ ብቅ አለ፤ ቁስሉም ዙሪያውን ጠቧል። የተጠራው ሐኪም አገጩን አሸ። «ቅባቱ ይሁን የስኳርህ መውረድ አላውቅም» አለ። «ብልቃጡን አምጣውና ምን እንዳለበት ልየው። ቀዶ ጥገናው ይቆይ።»

በሚቀጥለው ቀጠሮ ቁስሉ የምስር ፍሬ አክሎ ተገኘ።

«ታዲያ ጋሼ፣ ረከሰ?» አለችው ፋና ፋሻ እየቀደደች።

«ምን በወጣው! የቻይና መድኃኒት አይደል? አማርኛ አይሰማም።»