የሚተረተር ስፌት

"በቃ፣ ጠፋልሽ!" አለ ኤሌክትሪሻኑ እንዳለው፣ ከጥቁሩ የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ የቆረጣትን ቁራጭ ዳሽቦርዱ ላይ በአውራ ጣቱ እየተጫነ።

የትናየት ከመሪው ኋላ አንገቷን አስግጋ አየች። ኳስ የመሰለ ነገር ፊቱ ተደቅኖበት የተቀመጠው ትንሹ ቀይ ሰው፣ ያ ሲያፈጥባት የሰነበተው የኤርባግ መብራት፣ አይታይም። በእሱ ፋንታ የጥፍር ያህል ጥቁር ናስትሮ ተለጥፏል።

"ጠፋ ወይስ ሸፈንከው?"

"ያው ነው።"

"ያውማ አይደለም። ዓይኔን ብትሸፍነው ደባርቅ ትጠፋለች?" አለችና ናስትሮዋን በጥፍሯ ልጣ እጅጌው ላይ ለጠፈችለት። ቀዩ ሰው እንደገና አፈጠጠ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?"

እንዳለው ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ እጁም ጠባዩም ክፉ የማይባል ሰው ነው። አንድ ነገር ብቻ ይፈራል፤ ኤርባግ። ጎንደር ላይ ሲነካካው ፈንድቶበት ጥርሱን ያረገፈ ጓደኛ አለው፤ የረገፉት ጥርሶችም ወሬው በተወራ ቁጥር እየበዙ ሄደው አሁን ሰውየው ድዱን ብቻ ሳይቀር አልቀረም።

መብራቱ የበራው የመኪናዋ ወንበሮች ቆዳ ከለበሱ ወዲህ ነው። ያለበሷቸው ደግሞ አባቷ አቶ ደርቤ ናቸው። አቶ ደርቤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ዳባት ተቀምጠው ቆዳ ሲያለፉ፣ ኮርቻ ሲያለብሱ፣ ለጃናሞራ ነጋዴዎች የጭነት ጠፍር ሲሠሩ ኖረዋል። የናይለን ገመድና የፕላስቲክ ዕቃ አገሩን ሲሞላው እጃቸው ሥራ ፈታ። ሥራ የፈታ እጅ ደግሞ ባለቤቱን ያስረጃል። የትናየት ይህን አይታ ነው መኪናዋን ደጃቸው አቁማ "አባየ፣ ወንበሮቼን ያልብሱልኝ" ያለቻቸው። የፊት ወንበሮቹን ቡሎን ራሳቸው ፈተው አወጡ፤ ራሳቸው ያለፉትን የበሬ ቆዳ ለክተው ቆረጡ፤ በጅማት ሰፉት። ሲሰፉ ያፏጩ ነበር። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ሲያፏጩ ሰምታቸው አታውቅም።

ቡይት ራስ ላይ ያለ አንድ ሎጅ ሥራ አስኪያጅ፣ ዓለምብርሃን የሚባለው፣ መኪናዋን አይቶ ወደዳትና ከጎንደር አየር ማረፊያ እንግዶች እንድታመላልስለት ቃል ሰጣት። ከዚያ ቀዩን መብራት አየ። ነገ ጠዋት የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ይገባሉ። መብራቱ ካልጠፋ ሌላ መኪና አለ፤ ካልሆነም ያ ቆዳ ይነሳ ብሏታል። ሥራው ቢቀር ሌላ ሥራ ይፈለጋል። ቆዳው ተገፎ ከተጣለ ግን አባቷ ዳግመኛ ወስፌ አይነኩም። ይህን እንደ ስሟ ታውቀዋለች።

"ምን ታደክሚዋለሽ?" አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ። ወርቄ ነው፤ የመኪና ተራ አስከባሪው። "ፋቂ የነካው ነገር መቼ ተቃንቶ ያውቃል? መኪናይቱንም በልተዋት ይሆናል!"

ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮች ሳቁ። የትናየት ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ይህን ቃል ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ትምህርት ቤት፣ ወንዝ ዳር፣ ሠርግ ቤት ሰምታዋለች። ድሮ ስትሰማው አንገቷን ትደፋ ነበር።

"ወርቄ" አለች፣ ወደ እሱ ዞራ። "ሱሪህን የያዘልህ ቀበቶ ከዛፍ የተሸመጠጠ መሰለህ? ክብረ በዓል በመጣ ቁጥር የምታሸበሽብለት ከበሮስ ምን የለበሰ ይመስልሃል? አባቴ የሚበሉ ቢሆን ኖሮ ካንተ በጀመሩ። ምን ያደርጋል፣ የሚበላ ሥጋ የለህም!"

ሳቁ ፊቱን አዙሮ ወርቄ ላይ ወረደ። እሱም ቀበቶውን ከፍ አደረገና የሆነ መኪና የጠራው ይመስል ሄደ።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" አለች የትናየት ለእንዳለው፣ ንዴቷ ሳይበርድ። "ወንበሩ ሥር ግባና እይልኝ።"

"ጥርሴንስ?"

"ከረገፈ እኔ አላምጬ አጎርስሃለሁ። ግባ!"

እንዳለው የባትሪውን ሽቦ ነቀለ። ኤርባግ ባትሪው ተነቅሎም ለጥቂት ጊዜ ጉልበት እንደሚያቆይ ስለሚያውቅ ሻይ አዘዘና ቀስ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ ፉት እያለ ጠጣ። ከዚያ አማተበና በተሳፋሪው በር በኩል ተንጋሎ ጭንቅላቱን ወንበሩ ሥር አስገባ።

"አይ አቶ ደርቤ!" አለ ከሥር፣ ድምፁ ታፍኖ።

"ምን አገኘህ?"

"ሽቦዎቹ ተንጠልጥለው ቢያዩአቸው ጊዜ አልወደዱም መሰል፣ በቀጭን ጠፍር ጠርንፈው ከወንበሩ እግር ጋር አስረዋቸዋል። እንዴት ያለ አስተሳሰር መሰለሽ! ብቻ አጥብቀውት ቢጫው ሶኬት ግማሽ በግማሽ ወጥቷል። የኤርባጉ ነው።"

የትናየት ሳቋ አመለጣት። አባቷ የተንጠለጠለ ነገር አይወዱም፤ በበቅሎም ላይ ቢሆኑ የተዝረከረከ ጠፍር ካዩ ወርደው ሳያስሩት አያልፉም።

እንዳለው ጠፍሩን ፈትቶ ሶኬቱን ቀጭ አድርጎ አስገባ። ባትሪውን መልሶ አሰረ፤ የመኪናውን ስህተት የሚያነበውን መሣሪያ ከመሪው ሥር ሰክቶ የተመዘገበውን አጠፋ። የትናየት ቁልፉን አዞረች። ቀዩ ሰው በራ፣ ትንሽ ቆየ፣ ጠፋ። ደጋግማ ብታስነሳም እንደዚያው። እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

እንዳለው ግን ከተሳፋሪው ወንበር አልተነሳም። መዳፉን በበሩ በኩል ባለው የወንበሩ ጎን ላይ ከላይ ወደ ታች እየጎተተ ነበር።

"ይሄ ስፌት… የተሰፋው በምንድን ነው?"

"በጅማት።"

"መኪናው ከጎን ሲመታ ኤርባጉ የሚወጣው በዚህ ነው። ፋብሪካው እዚህ ጋ ሲገፋ እንዲተረተር አድርጎ ነው የሚሰፋው። ይሄን እንኳን ኤርባግ በሬም አይበጥሰው።"

"ባይበጥሰውስ?"

"ወይ ታፍኖ ይቀራል፣ ወይ ባልሆነ በኩል ይፈነዳል። እዚህ ለተቀመጠው ሰው እግዚአብሔር ይወቅለት።"

"መብራቱ ጠፍቶ የለም እንዴ!"

"መብራቱ የሚያውቀው ሽቦውን ነው። ስፌት አያውቅም።" እንዳለው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚኝ፣ ቆዳውን አንሺና ተገላገይ። ካልሆነም ዝም በይ። መብራቱ ከጠፋ ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ" አለች የትናየት።

ያኔ ስልኳ ጮኸ። ዓለምብርሃን ነበር።

"እህ፣ ጠፋልሽ?"

"ጠፋ።"

"እሰይ! እንግዲህ በዚያው ቆዳውንም አስነሽና የሱቅ ልብስ አልብሺው። መናኸሪያ ላይ የሚወራውን ሰምቻለሁ። እኔ በግሌ ምንም የለኝም፤ ሰው ነው የሚያወራው።"

እሱ በግሉ ምንም የለውም። ምንም የሌለው ሰው ደግሞ የሰው አፍ ባዘዘው ያድራል። የትናየት ልትናገር የነበረውን ዋጠችና፣ "ነገ ጠዋት አየር ማረፊያ እገኛለሁ" ብላ ዘጋችው።

ወደ ዳባት ስትነዳ ሰው አልጫነችም። መንገድ ላይ እጃቸውን የዘረጉላትን ሁሉ አልፋ ሄደች። ፊት ለፊቷ ከመብራት የጸዳ ዳሽቦርድ፣ በጎኗ ያንን የመሰለ ቆዳ የለበሰ ባዶ ወንበር። ቆዳው ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ጠጅ ያበራል። መብራቱ በርቶ ሳለ እንኳ እንዲህ አልከበዳትም ነበር።

አቶ ደርቤ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። መኪናዋን ሲያዩ ብድግ አሉ፤ ሰሞኑን እሷን ከመሳማቸው በፊት ወንበሮቹን መዳበስ ልማድ አድርገውታል።

"አባየ፣ መብራቱ ጠፋ።"

"ተመስገን! አላልኩሽም ልጀ? ቆዳ ምን በወጣው!"

"ቆዳው ምንም አላጠፋም። ስፌቱ ነው።"

የአቶ ደርቤ ፊት ተለወጠ። ወንበሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ስፌቱን ግራና ቀኝ ሳቡት። ክንዳቸው ላይ ያለው ሥር ተገታተረ፤ ስፌቱ ንቅንቅ አላለም።

"ይኸው! የቱ ጋ ነው የላላው?"

"አልላላም። ጥፋቱም እሱ ነው፤ መላላት ነበረበት።" እንዳለው የነገራትን አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ ከወንበሩ ጎን ውስጥ የተጣጠፈ ከረጢት እንዳለ፣ ግጭት ሲመጣ በዓይን ጥቅሻ እንደሚነፋ፣ ስፌቱ ካልተተረተረለት ሰውየውን እንደማያድነው።

አቶ ደርቤ እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ ተቆጡ።

"እኔ ደርቤ! ከእጄ የወጣ ስፌት ተፈታ ተብሎ ተሰምቶ አያውቅም። ጃናሞራ ይመስክር! ዛሬ በስተርጅናዬ የሚተረተር ስፋ ትይኛለሽ? ይልቅ ግፈፊና ጣይው!"

"አልገፈውም።"

"ግፈፊው አልኩሽ!"

"አልገፈውም አባየ!" ድምጿ ተሰበረ። "እንዳለው ግፈፊው አለኝ። ዓለምብርሃን ግፈፊው አለኝ። ወርቄ መናኸሪያ ሙሉ ሰው አሳቀብኝ። አሁን ደግሞ እርስዎ? ማንም አያስገፍፈኝም! ግን ሰው ጎኔ አስቀምጬ፣ ወንበሩ እንደማያድነው እያወቅሁም አልነዳም። ሁለቱንም እንቢ ብያለሁ።"

አቶ ደርቤ ልጃቸውን አዩዋት። ፋቂ ብለዋት አልቅሳ ስትመጣ "ተያቸው፣ ዝም በይ" ይሏት የነበረችው ልጅ አይደለችም። መልሰው ተቀመጡ። እሷም አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

"ለሊማሊሞ ቁልቁለት የሚሠሩትን መጫኛ ያስታውሱታል?" አለች፣ ቀስ ብላ። "አንዱን ጫፍ ለብቻው ነበር የሚያበጁት።"

"በአንድ ስበት የሚፈታውን ነው?"

"እሱን። ለምን ነበር እንዲፈታ የሚያደርጉት?"

"በቅሎዋ ገደል አፋፍ ላይ ከተንሸራተተች ጭነቱ ይዟት እንዳይወርድ ነዋ። ነጋዴው ሳብ ያደርገዋል፣ ጭነቱ ይሄዳል፣ በቅሎዋ ት…" ቃሉን መሐል ላይ አቋረጡት። ወንበሩን ዞር ብለው አዩት። "ትተርፋለች።"

"ተፈታ ብሎ የሰደበዎት ነጋዴ ነበር?"

"ማን ወንድ!" አሉ፣ አገጫቸውን እያሹ። "ቀላል መሰለሽ? ሳይፈለግ እንዳይፈታ፣ ሲፈለግ እንዳያስቸግር። ከሥራው ሁሉ እሱ ነበር የሚከብደው።"

ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት ጥቂት ነው። አቶ ደርቤ ቁራጭ ቆዳ አመጡና ሁለቱን ጫፍ በጥጥ ክር ሰፍተው ሰጧት። የትናየት ከውስጥ በጡጫዋ መታችው። አልተተረተረም። ክሩን አሳሱት፣ ስፌቱን አራራቁት፤ መታችው፤ አሁንም እንቢ አለ። ደግመው ሰፉ። በመጨረሻ ጡጫዋ እስከ ክርኗ ሾልኮ ወጣ፤ ቀስ ብላ ስትገፋው ግን ይይዝ ነበር። ሽማግሌው የተተረተረውን ቁራጭ አገላብጠው አይተው፣ "ሥራ ነው" አሉ። ከእሳቸው ይህ ብዙ ምስጋና ነው።

የተሳፋሪውን ወንበር የጎን ጅማት፣ የሾፌሩን ቀጥለው ሊሠሩት፣ ራሳቸው በጩቤ ጫፍ አንድ በአንድ በጠሱት። ከሥሩ ያለው የፋብሪካው ልብስ ጉዳት አልነካውም። ከቆዳውና ከጨርቁ መሐል ሲሰፉ ያጠፏት ትንሽ መለያ ጨርቅ ብቅ አለች፤ የፈረንጅ ፊደል ተጽፎባታል።

"ይህችን የፋብሪካው ስም መስላኝ ነበር የቀበርኳት። ምን ትላለች?"

"ኤርባግ እዚህ ነው ነው የምትለው።"

"እህ! ታዲያ ነግራን ነበራ።" ከስፌቱ ወደ ውጭ እንድትወጣ አድርገው አስተካከሏት።

ስፌቱን ከመጀመራቸው በፊት ሁለት ክር አወጡ። አንዱ ጥቁር ነው፤ እሱ ቆዳው ውስጥ ሰጥሞ ይጠፋል። ሌላው ነጭ ነው።

"በጥቁሩ ብሰፋው አይታይም" አሉ። "ያ ሥራ አስኪያጅሽም ልብ አይለው፤ ዝም ብሎ ያልፋል። ነጩ ግን ይህን በመሰለ ቆዳ ላይ ይጮሃል። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ይልሻል።"

የትናየት ሁለቱን ክሮች ተቀብላ አየቻቸው። ዓለምብርሃን ይጠይቃታል፤ ይህ የተረጋገጠ ነው። ቆዳውን ለምን አላነሳሽም ይላል፤ ምናልባትም ሥራውን ይነሳታል። ጥቁሩ ሊያቆየው ይችላል። ከዚያ የእንዳለው አውራ ጣት ትዝ አላት፤ ጥቁሯን ናስትሮ ቀዩ ሰው ላይ ሲጫናት። ጥቁሩን ክር ጠቅልላ የአባቷ የሥራ ዕቃ ጆንያ ውስጥ ወረወረችው።

"ነጩን ያድርጉት።"

"ይታያል እኮ።"

"ይታይ። ሲጠይቀኝ ለምን እንደተሰፋ እነግረዋለሁ። ማን እንደሰፋውም እነግረዋለሁ።"

አቶ ደርቤ ነጩን ከእጇ ተቀበሉ። ከዚያ የነጩን ክር ጫፍ በምራቃቸው አርጥበው መርፌው ውስጥ አስገቡና፣ ወንበሩ ላይ ጎንበስ ብለው እያፏጩ መስፋት ጀመሩ።