እጅ ያዡ ዱቄት

ካርቶኑ ከባሕር ዳር በሚኒባስ ሐሙሲትን አልፎ ደብረ ታቦር ሲደርስ፣ የቤተ ሙከራ ባለሙያዋ ትዝታ መናኸሪያ ድረስ ሮጣ ተቀበለችው። አቤት ደስታዋ! ሙሽራ የምታጅብ እንጂ የቤተ ሙከራ ዕቃ የምትረከብ አትመስልም ነበር። ውስጡ ያለው ነጭ ዱቄት ግን ከቁንጥር ጨው አይበልጥም።

የመጣው ለጋፋቷ እትዬ አበበች ነው። ግድግዳ ሲቀቡ ኖራ ተረጭቶ አንድ ዓይናቸውን ጋረደባቸው። ሐኪሙ ከደህናው ዓይን ጠርዝ የጤፍ ፍሬ የምታክል ቁራጭ ወሰደ፤ ትዝታ ደግሞ ከቁራጯ ሴሎች አራብታ የተጎዳውን ዓይን የሚያለብስ ስስ ሽፋን ልታበቅል ተነሣች። የመጀመሪያዎቹ ሴሎች አንዱ ካንዱ ሲነጣጠሉ አለቁባት። አሁን የቀረችው በበረዶ የተቀመጠች አንዲት የሴል ብልቃጥ ናት። እሷም ከከሸፈች፣ ሐኪሙ ደህናውን ዓይን ዳግመኛ አይነካም።

እትዬ አበበች በዚያው ቀን ለምርመራ መጥተው ነበር። «ዱቄቱ ማን ይባላል?» አሉ።

«አጋጅ።»

«ኧረ ወዲያ! አጋጅ መች አጣሁና? ይኸው ዓይኔ አግዶኝ የለም!»

ትዝታ በሳቅ ፈረሰች። «እትዬ፣ አንቱ ለቅሶ ቤት የሚሠሩትን ነው የሚሠራው። ሴል ከዘመዱ ሲለዩት በራሱ ላይ ይነሣል። ይህ እጁን ይይዘዋል።»

ጋፋት ውስጥ ሐዘንተኛ ፊቷን ልትቧጥጥ ስትል «አበበችን ጥሩ!» ይባላል። የትዝታ እናት የተቀበሩ ዕለትም የልጅቱን ሁለት እጆች ጨብጠው የዋሉት እሳቸው ናቸው።

«እንዲያ ከሆነ በይ ግቢ» አሉ። «ብቻ አደራ፣ ሐዘኑ በረድ ሲል ልቀቂያቸው። ዕድሜ ልኩን እጁን ተይዞ የሚኖር የለም።»

ትዝታ ዱቄቱን አሟሙታ ከመጨረሻዋ ብልቃጥ ሴሎች ጋር ሳህን ላይ ጨመረች። በማግስቱ በማጉያ መነጽሩ ስታይ ከሳህኑ ወለል ላይ ተጣብቀው እግራቸውን ዘርግተዋል። «እልል!» ብላ ጮኸች። የቀረው ዱቄቱን ማጠብና ያለ እሱ መቆማቸውን ማየት ነበር። አጥባ አስወገደችውና አዲስ ምግብ ሰጠቻቸው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሳህኑን ሞልተውታል።

እትዬ አበበች በር ላይ ይጠብቃሉ። «ለቀቅሻቸው?»

«ለቀቅኋቸው።»

«ቆሙ?»

ትዝታ ልትመልስ አፏን ስትከፍት እንባዋ ቀደማት። እትዬ አበበች እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ እንባዋ መሃል ፊቷ መፍካቱን በደህናው ዓይናቸው ሲያዩ ግን መልሰው ሰበሰቡት።

«አልቅሺ ልጄ» አሉ። «ለዚህስ አልይዝሽም።»