ወፌ መጣች

«መጣሽልኝ ወፌ! እሰይ፣ መጣሽልኝ!» አሉ እናት፣ ከአልጋው ጫፍ ሊወድቁ ምንም ሳይቀራቸው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው።

ትኬት ቆራጯ ልጃቸው በሩ ላይ እንደ ቆመች ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። ማንም የለም። ከእሷና ከምትጎትተው ሻንጣ በቀር ያን ደረጃ የወጣ ፍጥረት አልነበረም።

«እማ፣ እኔ ነኝ እኮ» አለች።

«አንቺ መሆንሽንማ አውቄያለሁ! የሻንጣሽን ጎማ ከታች ጀምሮ ነው የሰማሁት። ኳ ኳ እያለ ደረጃውን ሲወጣ ‹ይቺ አገር አቋርጣ የሄደችው ልጄ ናት› አልኩ። ነይ ሳሚኝ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?»

እውነቱን ለመናገር ሻንጣው የመጣው ከባሕር ማዶ ሳይሆን ከመንገዱ ማዶ ነው። ውስጡ ያለውም የእናትየው አንሶላ ነው። እናት አልጋ ማርጠብ ከጀመሩ ወዲህ፣ ውሃው ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ መውጣት ሲሰንፍ፣ አንሶላው በየሳምንቱ ፊት ለፊት ወዳለው ላውንደሪ ይወርዳል። እስከዚያ ቀን በትልቅ ዘንቢል ነበር የሚመላለሰው። የዘንቢሉ ማንገቻ ሲበጠስ ጊዜ ትኬት ቆራጯ ከአልጋ ስር ይህን ባለ ጎማ ሻንጣ ጎትታ አወጣች። ታናሽ እህቷ ባሕር ማዶ በሄደች ሰሞን ልብስ ሞልታ በሰው የላከችው ነው፤ ከዚያ ወዲህ አቧራ ሲጠግብ የኖረ።

«ወፌ» የታናሽየዋ ስም ነው። ለትልቋ እናት የቁልምጫ ስም አውጥተውላት አያውቁም። «አንቺ» ነው የሚሏት። አንቺ ውሃውን፣ አንቺ መስኮቱን፣ አንቺ መድኃኒቴን። ከምድር ቤት ያሉት ልብስ ሰፊ አንድ ቀን ይህን ሰምተው «መታወቂያሽም ላይ ‹አንቺ› ነው እንዴ የሚለው?» ብለዋታል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ ወርቅ ሆኖ ለተያዘው ሰው ግን ይህ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ተረቱ አይናገርም።

እና ምን ታድርግ? ልትነግራቸው ነበር። አፏንም ከፍታ ነበር። እናት ግን ጎትተው አገላብጠው ሳሟት፤ እንባቸው ጉንጯ ላይ ቀረ። ከዚያ እንግዳ ካልመጣ ማንም የማይቀመጥበትን ባለ ትራስ ወንበር በጣታቸው እያሳዩ «አረፍ በይ፣ እግርሽን ዘርጊ፣ የመንገድ ድካም አይናቅም» አሏት። በዚያ ቤት ዕድሜዋን ስትኖር እግርሽን ዘርጊ ያላት ሰው አልነበረም። ተቀመጠች። ዘረጋች።

«አገሩ ይበርዳል?»

«ይበርዳል» አለች።

ውሸት እንዲህ ናት፤ አንዴ ጫማዋን ካወለቀች ቤተኛ ትሆናለች።

ትኬት ቆራጯ ሥራዋ መናኸሪያ ነው። መሐሉ ላይ ክብ ቀዳዳ ካለው መስታወት ጀርባ ተቀምጣ ለሚሄደው ሁሉ «መልካም መንገድ» ስትል ትውላለች። ራሷ ግን የጠዋቱ አውቶቡስ ለምሳ ከሚቆምበት ከተማ አልፋ አታውቅም። ሳትፈልግ ቀርታ አይደለም። ፓስፖርቷን ጊዜው ባለፈ ቁጥር ታሳድሰዋለች። የወጣትነት ፊቷ፣ የጎልማሳ ፊቷ፣ አሁን ደግሞ ሽበት ጣል ጣል ያለበት ፊቷ፣ ሁሉም በየተራ ማኅተም ያልነካው ደብተር ላይ ወጥቶ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ድሮ እህትማማቾቹ አብረው ሊሄዱ ነበር ሐሳባቸው። የተገኘው ቦታ ግን የአንድ ሰው ሆነ። እናትም «ወፌ ትሂድ፤ እሷ አፍ አላት፣ የትም ብትጥያት ትነሳለች» አሉ። ትልቋ «ግድ የለም፣ ተራዬ ይደርሳል» ብላ ሻንጣ ተሸክማ ሸኘች። ተራ ግን በወረፋ የሚደርሰው መናኸሪያ ውስጥ ብቻ ነው።

እናት ሲጠይቋት ታዲያ የምትመልሰው አላጣችም። በዚያች ቀዳዳ ስንቱ መንገደኛ ስንቱን አውርቷታል! ውሃ ዳር ስላለው ከተማ፣ ቀን ከሌት መብራቱ ስለማይጠፋው ፋብሪካ፣ ባቡር ላይ እንቅልፍ ጥሎት የሚወርድበትን አልፎ በማያውቀው አገር ሚስት አግብቶ ስለቀረው ሰውዬ፣ ሁሉንም የራሷ አድርጋ ታወራለች። በተለይ የባቡሩን ሰውዬ ወሬ፣ እናት በየሳምንቱ «ድገሚልኝ» ይላሉ። ስታወራ ፊቷ ይፈካል። ልብ ብሎ ላያት እውነትም ደርሳ የተመለሰች ትመስላለች።

«ዕድልሽንስ አገኘሻት?» ይሏታል።

«ትንሽ ቀርቶኛል።»

«አይዞሽ። ዕድል ዓይነ ስውር ናት፤ ድምፅሽን አሰሚያት።»

በላውንደሪ ቀን ወፌ ናት፤ በሌላው ቀን ሁሉ አንቺ። ይባስ ብለው በማግስቱ ይነግሯታል። «አንቺ፣ እህትሽ መጥታ ነበር። ከስታለች። ግን ወጓ እንዴት እንደሚጥም! አንቺ የት ሄደሽ ነው ያላገኘሻት?»

«ሥራ ላይ ነበርኩ፣ እማ።»

«አይ አንቺ! ሁልጊዜ ሥራ።»

ያን ጊዜ በገዛ ራሷ ትቀናለች። በራስ መቅናት ደግሞ ማንን ከሰው ይገላገሉታል?

ልብስ ሰፊው በበኩላቸው ሻንጣውን ባዩ ቁጥር ከስፌት መኪናቸው ቀና ይላሉ። «ዛሬስ ከየት አገር ገባሽ?»

«ከመንገዱ ማዶ።»

«እንኳን ደህና መጣሽ። እዚያ አገር ሳሙና ርካሽ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

እውነተኛዋ ወፌ የመጣችው ሳይታሰብ ነው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ። የሚጎተት ነገር አልያዘችም። አንዲት ቦርሳ በትከሻዋ አንግባ፣ በስፖርት ጫማ ኮቴ ሳታሰማ ደረጃውን ወጣች። ትኬት ቆራጯ ማድ ቤት ሻይ ጥዳ ነበር። በሩ ሲከፈት፣ ቀጥሎም የእናቷን ድምፅ ሰማች።

«ቆጣሪው ከበሩ ኋላ ነው፣ ልጄ። ቶሎ እይና ውጪ፣ ብርድ አታስገቢብኝ።»

«እማ! እኔ ነኝ! ወፌ ነኝ!»

«ወፌማ ባለፈው መጥታ ሄደች» አሉ እናት፣ ቅር እያላቸው። «አንቺ ቆጣሪ አንባቢዋ አይደለሽም እንዴ?»

ምን ይባላል? ያን ሁሉ ባሕርና አገር አቋርጣ የመጣች ሴት ከበሩ ኋላ ሄዳ ቆጣሪውን አየችው። ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ስንት ይላል?» አሉ እናት ከአልጋቸው።

ትኬት ቆራጯ እህቷን በክንዷ ይዛ ማድ ቤት አስገባቻትና በሩን መለሰችው። ተቃቅፈው አለቀሱ። ሲወጣላቸው ታላቋ ሁሉንም ሳትደብቅ ነገረቻት፤ ሻንጣውን፣ ወንበሩን፣ የተዋሰችውን ስም።

«ስሜን ወሰድሽብኝ፣ እትዬ?»

«ከስምሽ ሌላ ምን ትተሽልኝ ሄደሽ ነበር?»

ሻዩ ገነፈለ፤ ሁለቱም ሊያወርዱት እጃቸውን ሲሰዱ ተጋጩ።

«ለመሆኑ ዕድልሽንስ አገኘሻት?» አለች ታላቋ፤ የእናቷን ቃል መድገሟ ሲገባት ግን አፈረች።

«የምን ዕድል! ሆቴል ነው የምሠራው፣ ክፍል አጸዳለሁ። ለእናንተማ ‹ሆቴል ውስጥ ነኝ› ነበር የምለው፣ ባለቤቱ እመስላለሁ ብዬ። ዕድሜዬን የሰው አንሶላ ስቀይር ጨረስኩት፣ እትዬ።»

«እኔስ ምን ስቀይር የኖርኩ መሰለሽ?»

ቀድማ የፈነዳችው ታናሽየዋ ናት። እናት እንዳይሰሙ አፋቸውን አፍነው ሳቁ፣ ሳቁ፣ መሐል ላይ ሳቁ መልኩን ለወጠባቸው። ይሄ ዕድል የሚሉት ነገር ቤት ሆነው ሲጠብቁት አይመጣም፤ ቤቱ ሄደው ሲያንኳኩ ደግሞ አሁን ወጣ ይባላል።

«ስሚኝማ» አለች ታናሽየዋ አፍንጫዋን እየጠረገች። «የመጣሁት ለመቅረት ነው። በቃኝ። አለቃዬን ለመንኳት፤ ቦታዬን ለአንቺ ልትይዝልሽ ተስማምታለች። ትንሽ ክፍል አለችኝ፣ መስኮቷ ወደ ባሕሩ ነው። አሁን ያንቺ ተራ ነው፣ ሂጂ። እማን እኔ አስታምማለሁ።»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«ያረጀነው እኛ ነን፤ ባሕሩ እንደሆነ እንዳለ ነው።»

ትኬት ቆራጯ ያቺ መስኮት በዓይኗ መጣችባት፤ መጋረጃ ሁሉ ሰቀለችላት። ያንን ሁሉ ዓመት ለሌላ ሰው የተመኘችውን መልካም መንገድ አንድ ቀን እንኳ ለራሷ ብትለው ምን አለበት? ግን አንድ ነገር ያዛት።

«እማ ብሄድ የምትፈልገኝ ከሆነ አልሄድም» አለች። «እዚህ ቤት መኖሬን ካወቀች፣ ጎደለችብኝ የምትል ከሆነ፣ ባሕሩ በአፍንጫዬ ይውጣ። ደግሞ ‹ትሂድ፣ ይቅናት› ካለች ነገውኑ እሄዳለሁ። አንዱን ከአፏ ልስማ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ጠይቂያታ!»

«እኔ ብጠይቃት ‹አንቺ፣ ውሃውን› ነው የምትለኝ። ስለ እኔ ብታወራ ለወፌ ነው የምታወራው።»

ታናሽየዋ ጥቂት አሰበች። ከዚያ እናት ሳያዩ ራሷ ሄዳ ሻንጣውን ከአልጋው ስር አወጣችና እጇ ላይ ሰጠቻት።

ትኬት ቆራጯ ባዶውን ሻንጣ በብብቷ ሸጉጣ ቀስ ብላ ወረደች። ልብስ ሰፊው እያዩዋት ነበር።

«ዛሬ ደግሞ እየሄድሽ ነው እየመጣሽ?»

«እንጃ። እሱን ልሰማ ነው» አለች።

ይቀልዱ የነበሩት ሰውዬ ፊቷን ሲያዩ ወደ መርፌያቸው ተመለሱ።

ጎማው ደረጃውን መምታት ጀመረ። ሦስተኛ ፎቅ ሳትደርስ የእናትየው ድምፅ ተቀበላት። «መጣሽልኝ ወፌ! እሰይ!» ታናሽየዋ በማድ ቤቱ በር ስንጥቅ ሆና፣ ለእሷ የተባለውን «እሰይ» እህቷ ስትቀበለው እያየች፣ የሻይ ፎጣውን በጥርሷ ነከሰች።

ተሳሳሙ። ትኬት ቆራጯ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ እግሯን ግን አልዘረጋችም።

«ዛሬስ ምን ይዘሽልኝ መጣሽ? የባቡሩን ሰውዬ አገኘሽው?»

«ዛሬ እኔ ልጠይቅሽ፣ እማ። ያቺ ሌላዋ ልጅሽስ?»

«የቷ?»

«እዚህ አብራሽ ያለችው።»

«እ፣ እሷ! አለች። ሥራ ሄዳ ነው።»

«ደህና ናት?»

«ምን ትሆናለች ብለሽ?»

ትኬት ቆራጯ እጃቸውን ያዘች። ዛሬ ጠዋት እሷው ጥፍራቸውን የቆረጠችላቸው እጅ ነው። «እሷም እንደ እኔ ልሂድ ብትልስ፣ እማ? ዕድሌን ልሞክር ብላ ብድግ ብትል? ትናፍቅሻለች?»

እናት ጥያቄው ያስገረማቸው ይመስል ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። ትንሽ ፈገግ አሉ። ከዚያ እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁና ብርድ ልብሳቸውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉ።

«እሷ ደግሞ ምን ብላ ትናፍቀኛለች» አሉ፤ «ሄዳ መቼ ታውቅና።»