የጉዞው ምክንያት

እማማ ኤርጎጌ እዚሁ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከጀርሚስተን እስከ ቮስሎሩስ ለመሄድ እንኳ ታክሲ ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚጸልዩ ሴት ናቸው። የልጅ ልጃቸው ፊቤ ለሦስት ቀን ቬኒስ ልትሄድ ነው ሲባል «ውሃ ላይ የተሠራ ከተማ አይሰምጥም?» ብለው ደነገጡ። ብቻዋን ከምትሄድባቸው አብረዋት ሊሄዱ ወሰኑ። ድልድዮቹንና ጀልባዎቹን ስልኳ ላይ ካዩ ወዲህ ግን የእሳቸውም ልብ ሸፍቷል።

ዛሬ ልጃቸው ሱቅ ውስጥ ከፊቤ ጋር ተቀምጠው የቪዛውን ቅጽ ሲሞሉ «የጉዞው ምክንያት» የሚለው ላይ ደረሱ። ልጃቸው ዱካሞ በብረት ፍርግርጉ በኩል ለደንበኛ ዳቦ እያቀበለ ጣልቃ ገባ።

«ለሕክምና በሉ! ካልሆነም ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ። ሀበሻ አሮጊት ከተማ ለማየት ጣሊያን ትሄዳለች ቢባል ማን ያምናል?»

«እኔ አልታመምኩም።»

«እማዬ፣ ይከለክሉሻል!»

እማማ ኤርጎጌ ሆዳቸው ባባ። አዲስ አበባ የሄዱት ባላቸውን ለማስታመም ነበር፤ እዚህ የመጡት የልጃቸውን ልጆች ለማሳደግ። ለዓይናቸው ብለው የረገጡት አገር የለም።

«ይከልክሉኛ! ዋሽቼ ከምገባ ከደጅ ብመለስ ይሻለኛል። ወይስ እኔ ዓይን ያለኝ አይመስልህም? ፊቤ፣ ‹ለማየት› ብለሽ ጻፊ።»

ፊቤ እየሳቀች ጻፈች።

«በደንብ አድምቀሽ ጻፊው» አሉ። ወዲያው ግን ፍርሃታቸው ተመለሰና ክንዷን ያዝ አደረጓት። «ጀልባው ላይ ደግሞ እጄን እንዳትለቂ፣ ነግሬሻለሁ!»