የማቆሚያ ቦታ ወረቀት

የናጎያው የጥርስ ሐኪም ኩራሞቺ ሃምሳ ብቻ የምትመረት የስፖርት መኪና ለማግኘት ስድስት ዓመት ደጅ ጠና። ሻጩ ኢሶጋይ «ታማኝ ደንበኛ ይቀድማል» ባለው ቁጥር እየገዛ ግቢውን በማይወዳቸው ሦስት መኪኖች ሞላ፤ ዓመት ሳይሞላቸው ላይሸጣቸውም ፈረመ።

በመጨረሻ ተራው ደረሰ።

«ዶክተር፣ መኪናዋን ለማስመዝገብ በዚህ ሳምንት ማቆሚያ ቦታ እንዳለዎት የፖሊስ ወረቀት ያምጡ፤ አለዚያ ለሌላ ይሰጣል።»

የሚከራይ ቦታ ሰፈር ለሰፈር ለምኖ ሲያጣ፣ ሦስቱም ገና ዓመት ባይሞላቸውም ቢጨንቀው አንዷን ሸጠ። ፖሊስም ቦታውን ለክቶ ማኅተም መታለት።

ኢሶጋይ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለ። «ደስ ይበልዎት! ግን እዚህ ቦታ የነበረችው መኪና የት ሄደች?»

«ሸጥኳት! አንተ አይደለህ ቦታ አምጣ ያልከኝ! ምን ላድርግ፣ አናቴ ላይ ላቁማት? እግርህ ላይ ልውደቅ?»

ኢሶጋይ ከተራ ጠባቂዎች ዝርዝር የሐኪሙን ስም ሰረዘና ወገቡ እስኪታጠፍ አጎነበሰ። በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ዝቅ ብሎለት አያውቅም።