መጀመሪያ አንቺ ዋጪው

እናትየው የወንድ ልጇን የአእምሮ መድኃኒት ስትውጥ ከረመች።

ነገሩ የታወቀው በኮት ኪስ ነው። ልብስ ሰፊዋ ልጇ የወንድሟን ኮት ልትጠግን ኪሱን ስትገለብጠው የሚያጣብቅ ነገር ጣቷ ላይ ቀረ። በምራቅ ርሶ የደረቀ፣ ደርቆ እንደገና የራሰ የክኒን ጭቃ። ፀጉር ተጣብቆበታል። በሳሙና ፈትጋ ታጠበች፤ ሽታው አልለቅ አላት።

"እማዬ! እሰጠዋለሁ አላልሽም እንዴ ክኒኑን?"

"እሰጠዋለሁ እንጂ።"

እናትየው ከወንበሯ ቀና ለማለት ሞከረች። እጇ ይንቀጠቀጣል። ከከንፈሯ ዳር የወረደው ለሃጭ ሻርፗን አርሶታል። ጎረቤቱ ሁሉ እርጅና ነው ብሎ ነበር። ልጅቷም እውነት መስሏት ነበር።

"ታዲያ ይሄ ምንድነው?"

"እኔ እንጃ። ዐይኔ እያየ ነው የሚውጠው። እኔ ከዋጥኩ በኋላ።"

"አንቺ ምን?"

"መርዝ ነው አለኛ! እነዚያ ለእሱ ብቻ የሚሰሙት ሰዎች ነግረውት። መጀመሪያ አንቺ ዋጪው አለኝ። ምግቡንስ ቀምሼለት አይደል የሚበላው?" ምላሷ ተሳስሯል።

ለካ ክኒኑ ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ለዚህ ነው። አንዷ ትውጣለች፣ አንዱ ምላሱ ሥር ደብቆ ይተፋል።

የወንድሟን ክፍል በርግዳ ገባች። መስኮቱን በካርቶን ደፍኖታል። ሬዲዮው ስሜን ይጠራል ብሎ ጆሮው ውስጥ የወተፈው ጥጥ ቢጫ ሆኗል። ሰዎቹ እንዳይመረምሩት ሽንቱን በጠርሙስ ያጠራቅማል። አፍንጫዋን ያዘች።

"ተነስ። ሐኪም ቤት።"

"ሰዎቹ አትሂድ ብለዋል።"

"ይዘሃቸው ና፤ ታክሲው ሰፊ ነው። እማዬ ታማለች፣ በአንተ ጦስ!"

እናቱ መታመሟን ሲሰማ ጫማውን ፈለገ።

ሐኪሙ እናትየውን አገላብጦ አያት። "እማማ፣ ይሄን ክኒን ሁለተኛ አይንኩት። ሌላ ጊዜ ላይነሱ ይችላሉ።" ወደ ልጅቷ ዞረ። "እሱ ደግሞ ስለሚተፋው በወር አንዴ መርፌ ይሻለዋል። ግን እሺ ማለት አለበት።"

ነርሷ መርፌውን አዘጋጀች። ወንድምዬው መርፌውን አየ፣ እናቱን አየ።

"መጀመሪያ እሷ።"

"ምን?" አለች ነርሷ።

እናትየው በሚንቀጠቀጥ እጇ የእጅጌዋን ቁልፍ መፍታት ጀምራለች። ለሃጯ ደረቷ ላይ ይንጠባጠባል። ፊቷ ላይ ፈገግታ አለ።

"ወጋ አድርጊኝ የኔ ልጅ። ምን አለበት፣ ለልጄ አይደል?"

ልጅቷን አቅለሸለሻት። ለሃጩ አይደለም። ፈገግታው ነው። እሱም እንደ ጌታ አገጩን አንስቶ ይጠብቃል።

የእናቷን እጅጌ መልሳ ቆለፈች። ብብቷን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት፣ አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻት። ተመልሳ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ወንበር ስባ ከወንድሟ ፊት ለፊት ተቀመጠች። "ከእንግዲህ ማንም አይቀምስልህም።"