የእቴቴ አረንጓዴ ክር

2.

አትቀየምም።

ትላንት የሰደበቻትን ሴትዮ ዛሬ «ቁርስ በላሽ ወይ?» ትላታለች። ረስታው ነው የሚል ብዙ ሰው አለ። ይበል።

(ቁጥር አንድ የት ሄደ እንዳትሉ። አለ። ልጅቷ ጽፋ ሰርዛ፣ ጽፋ ሰርዛ ወረቀቱን ልትበሳው ስትል ዘለለችው። ትመለስበታለች።)


ቅጹ

ከሆስፒታል የመጣው ወረቀት ከላይ እንዲህ ይላል፦

«የታካሚዋን ጠንካራ ጎኖች አብሯት የሚኖር ሰው ይሙላ። ከአሥር አያንስ። የሞላው ሰው ስሙን አይጻፍ።»

አይጻፍ ካለ አይጻፍ ነው። ስለዚህ የምትሞላዋ «ልጅቷ» ትባል።

ዕድሜ፦ አሥራ ስድስት።
ትምህርት፦ ስድስተኛን ጨርሳ ያቆመች።
ሥራ፦ ደሴ፣ አክስቷ ልብስ ስፌት ቤት፣ ቁልፍ መትከልና መልስ መስጠት። መልስ መስጠቱን ማንም አላዘዛትም።

ታካሚዋ አክስትየዋ ናት፤ የእናቷ እህት። ልጅቷ «እቴቴ» ትላታለች፣ ደንበኛ «ታንጉት» ይላታል። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ባለፈው ኅዳር ዶክተሯ «ኤዲኤችዲ ይባላል፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ አብሮሽ ኖሯል። ሐሳብሽ የሚዘልለው፣ ቁጭ ማለት የሚያቅትሽ በእሱ ነው» ስትላት እቴቴ ሳቀች።

«አዪ! ዕድሜዬን ሙሉ ቀልበ ቢስ ሲሉኝ፣ ለካ ነገርየው የራሱ ስም ነበረው!»

ዶክተሯም «ጎዶሎሽን አገር ያውቀዋል፤ ሙሉሽን ጽፋችሁ አምጡ» ብላ ይህን ወረቀት ሰጠች። ቀጠሮው ሰኞ ነው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው።


3.

ብልሃት አታጣም።

ወረቀት ላይ ብትጽፍ ወረቀቱ ይጠፋል። ስልኳ ላይ ብትጽፍ ስልኩ ይጠፋል (አንዴ ሰው ኮት ገበር ውስጥ ሰፍታው፣ ኮቱ ሲጮህ ተገኘ)። ስለዚህ ማስታወስ ላለባት ነገር ሁሉ ግራ እጇ አንጓ ላይ ክር ታስራለች። ለአንድ ጉዳይ አንድ ቀለም። ጉዳዩ ሲያልቅ ትፈታዋለች፤ ሳያልቅ አትፈታውም። «እጄ ከጠፋ ያኔ እኔም ጠፍቻለሁ» ትላለች።

ጥር ላይ የነበሩት ክሮች፦

ነጭ፦ ክኒን።
ሰማያዊ፦ የስፌት መኪናው ዘይት።
አረንጓዴ፦ የወይዘሮ አስናቁ ልጅ ሰርግ ከጥር ሠላሳ ወደ አስተርዮ ማርያም ተስቧል፤ አምስት የሚዜ ቀሚስ።
ቢጫ፦ ልጅቷን የማታ ትምህርት ማስመዝገብ።

ቢጫው ከጥቅምት ጀምሮ እዚያው ነው። ከማደፉ ብዛት ሌላ ቀለም ሆኗል።

ቡኒ።


4.

ይታያታል።

ለልክ የመጣችን ሴት አንዴ ዞር ብላ አይታ፣ ምንም ሳትናገር ወገቡ ላይ ትርፍ ጨርቅ ትተውላታለች። ከሁለት ወር በኋላ ሴትየዋ ሆዷን ይዛ «አስፊልኝ» እያለች ትመጣለች። ባልየው እንኳ ገና አልሰማም ነበር።

(እንዲህ የሚታያት ሴት አንድ ነገር ግን አልታያትም። ወደ እሱ እየሄድን ነው። ልጅቷ መንገዱን እያረዘመችው ነው፣ ታውቋታል።)


5.

የተበላሸ ነገር አያስፈራትም።

ልጅቷ በመጀመሪያ ሳምንቷ የሰው ሸሚዝ እጅጌ ገልብጣ ሰፍታ ስታለቅስ፣ እቴቴ መተርተሪያውን አቀበለቻት። «ተርትሪያት። ጨርቅ አይቆጣም፤ እኔም ጨርቅ ነኝ።»

ብትቆጣ ይሻል ነበር። በተቆጣች!


6.

አንዴ ከገባችበት አትወጣም።

ቁጭ ማለት የማታውቀው እቴቴ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ትልቁን መቀስ ካነሣች ሌላ ሰው ናት። መብራት ቢጠፋ፣ ጎረቤት ቢደባደብ አትሰማም። ትንፋሿ እንኳ ቀስ ይላል። ዶክተሯ ይኼም ከዚያው ነው ብላለች፤ የወደዱት ነገር ላይ እንደ መዥገር መጣበቅ። (መዥገር ያለችው ዶክተሯ አይደለችም።)

እንዲህ ስትሆን እጇን ብትነኳት አታውቅም።

ልጅቷ ይህን ታውቃለች።


7.

ይህ ጥንካሬ አይደለም። ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ግን ሌላ ወረቀት የለም።

ጥር አሥራ አምስት፣ ከምሳ በኋላ። እቴቴ መቀስ ላይ ነበረች።

«እቴቴ፣ የኔ ክር እኮ በስብሶ ሊበጠስ ነው።»

«እሺ የኔ ሚጥሚጣ።» ሰምታ አይደለም።

ልጅቷ የእቴቴን አንጓ አየችው። አረንጓዴው ከታሰረ ሦስት ቀኑ ነው፤ ያብረቀርቃል። ለሰው ሰርግ ይሮጣል። የእሷ ሦስት ወር ሙሉ ያድፋል። የኔ ብቻ ነው እንዴ የሚረሳው፣ አለች በሆዷ። እስቲ አንድ ቀን ደግሞ የሌላው ይረሳ።

የቁልፍ መቀሷን አነሣች።

«ክር ተንጠልጥሎብሻል።»

«ቁረጪልኝ» አለች እቴቴ፣ ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሣ።

ቀጭ።

አረንጓዴው። መጀመሪያ አፏ ውስጥ ከተተችው፣ ከዚያ ተፋችው፣ ከዚያ ኪሷ ውስጥ። አሁንም እዚያው ነው።

በማግስቱ እቴቴ አንጓዋን እያሻሸች «እጄ ቀለለኝ እኮ፤ ምን ጉድ ነው?» አለች።

«ከስተሽ ነው» አለቻት ልጅቷ።

እስቲ አሁን ሳቁ።


8.

ሁሉ ሲንጫጫ እሷ ትረጋጋለች።

አስተርዮ ማርያም፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ወይዘሮ አስናቁ «ቀሚሶቹ!» እያለች ገባች። ቀሚሶቹ ተቆርጠዋል፣ አልተሰፉም። ሙሽራው አምስት ሰዓት ላይ ይመጣል። ብርቄ፣ ከእቴቴ ጋር አብራ የምትሠራው ሴት፣ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ልጅቷ ኪሷን በእጇ ሸፈነች።

እቴቴ ብቻ መሀል ላይ ቆማ፦

«ብርቄ፣ ካውያ። ሚጥሚጣ፣ ስፒል። እትዬ አስናቁ፣ እርስዎ እዚያ ተቀምጠው ያልቅሱ፤ እንባው ግን ሐሩ ላይ እንዳይንጠባጠብ።»

ዚፕ ለመትከል ጊዜ የለም። ጀርባውን ክፍት ትታ፣ ከተረፈው ጨርቅ ጥብጣብ ቆርጣ እንደ ጫማ ማሰሪያ አጠላለፈችው። አምስት ሰዓት ሲሆን አምስት ሚዜ አምሮበት ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሙሽሮች «ያቺን ከኋላ የምትታሰረውን» ብለው መጥተዋል።

ወይዘሮ አስናቁ ግን በሩ ላይ ዞረች። «አንቺ ቀልበ ቢስ! ክሩን ስታስሪ በዓይኔ እያየሁ! የታለ ክሩ?»

እቴቴ አንጓዋን አየች። ገለበጠችው። እንደገና አየችው።

«እውነትዎን ነው» አለች።

እውነት አልነበረም።


9.

ጥፋቷን ታምናለች። የሌላ ሰውም ቢሆን።

ብርቄ፦ ታንጉትዬ፣ አትቀየሚኝ። ከእንግዲህ ደንበኛውን እኔ ልቀበል። እኔው ልቁረጥ።
እቴቴ፦ እኔስ?
ብርቄ፦ ጠርዝ መቀምቀም አለ። ቁልፍ መትከል አለ።
ልጅቷ፦ ቁልፍ የኔ ሥራ ነው!
ብርቄ፦ አንቺ አፍሽን ያዢ።
እቴቴ፦ ልክ ነሽ፣ ብርቄ። ክር አስሬ እንኳ ከጠፋኝ፣ ከእንግዲህ በምን ልታመን?
(ትልቁን መቀስ በጨርቅ ጠቅልላ ብርቄ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጣለች። ክሮቿንም አንድ በአንድ ትፈታለች። ቢጫውን ትተወዋለች።)
ልጅቷ፦ (የምትተክለውን ቁልፍ ትቆጥራለች።)


ይህ ከሆነ ሁለት ሳምንቱ ነው። ሰኞ ከሰዓት ሰዓሊው ይመጣል። በሩ ላይ «ታንጉት ልብስ ስፌት» የሚለውን አጥፍቶ «ብርቄ» ሊጽፍ ነው። እቴቴ ራሷ ናት የቀጠረችው። ይህን ቀጠሮ ግን ያለ ክር አስታውሳዋለች።


ቢጫው

ዛሬ ጠዋት ልጅቷ አላስችል ብሏት ጠየቀች።

«ሁሉንም ፈትተሽ እሱን ምን ያደርግልሻል? ረስተሽዋል እኮ።»

«ማ? እኔ?» እቴቴ የምትቀመቅመውን አስቀመጠች። «ሦስቴ ሄጃለሁ እኮ ትምህርት ቤቱ! የስድስተኛ ክፍል ካርዷን አምጪ አሉኝ። ካርዱ አባትሽ እጅ ነው። ኮምቦልቻ ድረስ ሁለቴ ወርጄ ለመንኩት፤ ደረቅ ነው ታውቂዋለሽ፣ እንቢ አለኝ። ባዶ እጄን መጥቼ ምን ልበልሽ? አፈርኩ። ያላለቀ ጉዳይ ክሩ አይፈታም፤ አታውቂም እንዴ?»

ልጅቷ ታውቃለች። ሦስት ቁጥር ላይ ራሷ ጽፋዋለች።

ተነሥታ ወረቀቱን አመጣች።


1.

አትረሳም።

(የተሰረዘውም ይኸው ነበር። ያኔ ለቀልድ ነበር።)


10.

«ሞላሽው?» አለች እቴቴ።

«አንድ ይቀራል።»

«እስቲ አንብቢልኝ። ስለኔ ጥሩ ነገር ሲነበብ ሰምቼ አላውቅም።»

ልጅቷ አሰበች። እቴቴ የሚነበብ ነገር ስትሰማ ሦስተኛው ቁጥር ላይ ትነሣለች። አራት ላይ ውኃ ትጠጣለች። አምስት ላይ ደጅ ወጥታ ጎረቤት ትጠራለች። ሰባትን የሚሰማ አይኖርም። ባዶ ቤት ይነበባል፣ ተነብቧል ይባላል፣ በቃ።

አንድ።

እቴቴ አንገቷን ደፋች።

ሁለት። ሦስት፤ ኮቱ ላይ ሲደረስ እቴቴ ሳቀች። አራት።

አሁን ትነሣለች።

አምስት። ጎረቤት ከደጅ «ታንጉት! ኧረ ታንጉት!» አለች። እቴቴ አልሰማችም።

ስድስት። ሁለት እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው። ትንፋሿ ቀስ ብሏል፤ መቀስ ስታነሣ እንደሚሆነው። ዓይኗ ልጅቷ አፍ ላይ ነው።

ልጅቷ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ክሩ እዚያው ነው።

«ቀጥዪ እንጂ፣ ሚጥሚጣ» አለች እቴቴ። «ሰባት ምን ይላል?»


7.

«ይህ ጥንካሬ አይደለም» አለች ልጅቷ፣ አረንጓዴውን ክር ከኪሷ እያወጣች።